የተዋስነው ማዕረግ

ዶላጽ፣ ፖሊጻ
የቅዱስ ማርቲን በዓል ማግሥት፣ 1895

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ቫትሮስላቭ፤

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አምስት ሳምንት ሆኖታል። ያዘገየሁት ንቄ እንዳይመስልዎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። አንድ ገጽ ሁለት እሑድ ይፈጅብኛል። በሥራ ቀን ደግሞ የወይራ ለቀማ ስለሆነ እጄ ብዕር አይዝልኝም።

የልጄ የባሪሻ ሻንጣ ደርሶ እንደሆነ ጠይቀውኛል። ደርሷል። እስከ ወደቡ በመርከብ፣ ከዚያ በበቅሎ መጣ። ካፖርቱ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ ጫማው፣ መላጫው፣ ከሥር ደግሞ ወረቀቶቹ አሉበት። ካፖርቱ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። መቼ እንደወደቀበት፣ አይቶትስ እንደሆነ አስባለሁ። እንዲህ ባለ ነገር ነው ቀኔ የሚያልፈው።

ወረቀቶቹን በየጥቅላቸው በክር አስሯቸዋል። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ አንድ ቃል ተጽፏል። «ክኔዝ» የሚለው ጥቅል ከሁሉም ይወፍራል። እኛ የመንደራችንን አለቃ የምንጠራበት ማዕረግ ስለሆነ አስቀድሜ የፈታሁት እሱን ነው። በሩሲያ ትልልቅ መሳፍንት በዚህ ስም እንደሚጠሩ፣ ፖላንዶች ደግሞ ቄሳቸውን እንደሚሉበት፣ ጨረቃንም «ትንሹ ክኔዝ» እንደማለት አድርገው እንደሚጠሯት አነበብኩ። ይህን ሁሉ ለማወቅ ስንት ሰው ጠይቆ ይሆን አልኩ።

ጥናቱን በሊቃውንት ማኅበራችሁ መጽሐፍ ውስጥ በስሙ ልታትሙለት መሆኑን ሳነብ አለቀስኩ። ባሪሻ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም። ስሙ ከእኔ ጋር ያልቃል ብዬ ነበር። ዋርሳዬ ፍራኔ፣ የሟቹ ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ማለት ነው፣ ዛሬ የመንደሩ ክኔዝ እሱ ነው። ዜናውን ሲሰማ ሙክት አርዶ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ።

ጥቅሉን መልሼ እንድልክልዎ ጽፈዋል። እልካለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከደብዳቤዎ ጋር በመጣው የመጽሐፉ ማስታወቂያ ላይ የባሪሻ ጥናት «ክኔዝ፦ ከራሳችን አፈር የበቀለ ማዕረግ» ይባላል ተብሎ ታትሟል። በጥቅሉ መጨረሻ ላይ ያለው ወረቀት ግን ሌላ ይላል። አባቶቻችን ይህን ቃል በጥንት ዘመን ከጀርመን ነገዶች ወሰዱት፣ በእነዚያ ዘንድ የንጉሥ ስም ነበር ይላል። ምናልባት ሳይገባኝ ቀርቶ ይሆናል። ያስረዱኝ።

ሌላም ልጠይቅዎ። ሲሞት ክፍሉ ውስጥ እሳት ይነድ ነበር?

የባሪሻ እናት፣ ፔርካ


ዛግሬብ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1895

ለተከበሩ ወይዘሮ ፔርካ፤

ሰላምታዬ ከታላቅ አክብሮት ጋር ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ስከፍት የጥንት ቀሳውስት የእጅ ጽሑፍ የያዝኩ መስሎኝ ደነገጥኩ። እዚህ ካሉት ተማሪዎቼ ያን ፊደል እንደልቡ የሚያነበው አንድ ባሪሻ ነበር። ደብዳቤውን ማን እንደጻፈልዎ፣ የልጅዎንም ወረቀት ማን እንዳነበበልዎ ቢገልጹልኝ ደስ ይለኛል። አንባቢው የሳተው ነገር ይኖር እንደሆነ ብዬ ነው።

የመጨረሻው ወረቀት በልጅዎ እጅ የተጻፈ መሆኑን አልክድም። የተጻፈው ግን በየካቲት፣ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው፣ በትኩሳት ላይ ሳለ ነው። ቀኑን ከራስጌው ያገኙታል። የታመመ ሰው የጻፈውን የጤነኛውን ሥራ እንዲያበላሽ መተው ፍቅር አይመስለኝም።

ከዚህ በላይም አለ። የምንኖረው በትምህርት ቤቱም፣ በባቡር ጣቢያውም፣ በፍርድ ቤቱም የሌላ ሰው ቋንቋ በሚያዝበት ዘመን ነው። ነገ የጀርመኖቹ ጋዜጦች «እነዚህ ሰዎች እኛ እስክንሰጣቸው ድረስ ለገዥ የሚሆን ቃል እንኳ አልነበራቸውም» ብለው ይጽፋሉ። የማንን ጥናት ጠቅሰው? የባሪሻን። ስሙ በጠላት አፍ እንዲነሣ ይፈልጋሉ? እኔ ከዚህ ላድነው ነው የምደክመው። ቃሉ የራሳችን ነው የሚሉ ሌሎች ሊቃውንትም አሉ፤ ያለ ምክንያት የተነሣሁ አይደለሁም። ማስረጃዎቹን በእነሱ መንገድ ብናስቀምጣቸው የልጅዎ ድካም አይጠፋም፤ እንዲያውም አገር ይኮራበታል።

የልጅዎ ቤት አከራይ የነበረችው ሴትዮ ሻንጣውን እኔ ሳላየው ላከችው። ጥቅሉን እስከ ጥር መጨረሻ ቢልኩልኝ ማተሚያ ቤቱ ይጠብቀኛል።

አክባሪዎ፣ ቫትሮስላቭ


ዶላጽ
የጥምቀት ሳምንት፣ 1896

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ቫትሮስላቭ፤

እንደምን ከረሙ? እኛ ጋ በረዶ የለም፤ ከሞሶር ተራራ የሚወርደው ነፋስ ግን የጣራውን ድንጋይ ያነሣል።

ማን እንደጻፈልኝ ለጠየቁኝ፣ ማንም። የእናቴ ወንድም ቄስ ነበር። ወንድ ተማሪ ሲያጣ «አንቺም ብትሆኚ ትጠቅሚኛለሽ» ብሎ አስቀመጠኝ። የሚያውቀው የድሮውን ፊደል ነበርና እኔም የማውቀው እሱን ብቻ ነው። ባሪሻ መጀመሪያ ፊደል የቆጠረው ከእኔ ነው። የአገራችንን የሕግ መጽሐፍ ከእኔ ጋር አንብቦ ጨርሶ ነው እናንተ ዘንድ የመጣው። አንባቢው ስቶ ይሆናል ብለው እንዳይጨነቁ።

ስለ ትኩሳቱም ልንገርዎ። የመጨረሻው ወረቀት አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። አንዱ እርስዎ የሚሉት የየካቲቱ ነው። ሌላው ከዚያ በፊት በነበረው ነሐሴ የተጻፈ ነው፤ ለእረፍት መጥቶ እዚሁ ቤት፣ እኔ ነጭ ሽንኩርት በምልጥበት ጠረጴዛ ላይ። አጠገቡ ነበርኩ። ሁለቱን አስተያየኋቸው፤ ቃላቸው አንድ ነው። በነሐሴ ልጄ ትኩሳት አልነበረበትም። የበለስ ሳህን ባዶ እያደረገ ነበር የሚጽፈው።

ያን ቀን ፍራኔ የወይን ጠጅ ይዞ መጣ። ባሪሻ የጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበለት። ፍራኔ ጽዋውን አስቀመጠ።

«ታዲያ እኔ ጀርመን ነኝ ልትለኝ ነው?» አለው።

«አይደለህም አጎቴ። ጀርመኖቹም አይቀበሉህም።»

«በሰው ስም ነው እንግዲህ ስጠራ የኖርኩት።»

«ስሙን ተዋስነው። የነሱ ሲሞት ልጁ ይተካል። አንተን ግን ለሚመጣው የጊዮርጊስ ምርጫ ካልወደዱህ እንደ አሮጌ ካልሲ ነው የሚጥሉህ።»

ፍራኔ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «የንጉሥ ስም ይዤ ፍየል የማግድ እኔ ብቻ ነኝ» አለ። ከዚያ ስለ ፍየሎቹ ማውራት ጀመሩ።

ልጄ ያንን ሲጽፍ ያፈረበት ነገር አልነበረም። ጋዜጦቹ ያሉትን ይበሉ። የእኔ ማረሻ ብረቱ ከጣልያን የመጣ ነው። ጣልያን መጥቶ አላረሰልኝም።

ስለዚህ ጥቅሉን አልልክም። ባሪሻ የጻፈውን እንደጻፈው እንደሚያትሙ በእጅዎ ጽፈው ይፈርሙልኝ፤ በማግሥቱ በቅሎ አስጭኜ እልካለሁ።

ስለ እሳቱ የጠየቅሁዎትን ዘለሉት። ምናልባት ረስተውት ይሆናል።

ፔርካ


ዶላጽ
የዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ 1896

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ቫትሮስላቭ፤

ለእኔ መልስ ሳይጽፉ ለፍራኔ መጻፍዎን ሰምቻለሁ። ፍራኔ ደብዳቤውን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ለሕዝብ አስነበበው። የጥንት መኳንንት ዘር መሆናችን በዚያ ጥቅል እንደሚረጋገጥ፣ ማኅበሩም በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የእብነ በረድ ጽሑፍ እንደሚያቆምልን ጽፈዋል አሉ። እዚህ እያንዳንዱ ቤት ከአንድ ንጉሥ ልጅ እንደሚወለድ ሲያወራ የኖረ ነው። አሁን ደግሞ ከዛግሬብ ሊቅ አረጋገጠላቸው። ምን እንደሚሆኑ መገመት አያቅትዎትም።

ውሃ ልቀዳ ስወርድ የጎረቤቴ የማቴ ሚስት «ጉተን ታግ፣ ፔርካ» አለችኝ። የጀርመኖች ሰላምታ ነው። ሌሎቹ ሳቁ። «አንቺስ ቢሆን እሱን የት ተማርሽው?» አልኳት። ባሏ የኦስትሪያ ወታደር ነበርና እንስራዋን አንሥታ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ስሜ እሱ ሆኗል። በአጥር ላይ፣ በመንገድ ላይ፣ ጉተን ታግ። ቄሱ እንኳ ሊሉኝ ብለው ምላሳቸውን ሲነክሱ አይቻቸዋለሁ።

ፍራኔና ቄሱ አብረው ቤቴ መጡ። ቄሱ የሞተ ሰው ስም በመልካም እንዲነሣ ማድረግ ጽድቅ ነው አሉኝ። አይክፋዎት አባቴ፣ የሞተ ሰው ያላለውን አለ ማለትስ ምን ይባላል አልኳቸው። ቆቡን ሲያገላብጥ የቆየው ፍራኔ፣ አንድ ቃል ነው እኮ ፔርካ፣ አንድ ቃል ይዘሽ ዘመድሽን ሁሉ አጣሽ አለኝ። አንድ ቃል ነው የሚለውን ነገር ከዚህ በፊትም ሰምቼዋለሁ።

በዚያው ደብዳቤ ለመቃብሩ በማኅበሩ ወጪ ድንጋይ ላቁምለት ብለዋል። መቃብሩን አላየሁትም፤ የእንጨት መስቀል እንዳለበት እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። ያው ይቆይ። ድንጋዩ ላይ የዚያ ማስታወቂያ ርዕስ የሚጻፍበት ከሆነ ማንም እንዳይነካው።

እሳቱን ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቅዎታለሁ። እርጅና ያመጣው መደጋገም አይደለም።

ፔርካ


ዛግሬብ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1896

ለተከበሩ ወይዘሮ ፔርካ፤

ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፣ ሁለት ጊዜ አለፍኩት። እሳት አልነበረም። በየካቲት አጋማሽ ልጠይቀው ሄጄ ጓንቴን ሳላወልቅ ነው አልጋው አጠገብ የተቀመጥኩት።

ከገና በፊት በዚያ ወረቀት ምክንያት ተጣልተን ነበር። ሐሳቡን እስኪለውጥ ድረስ ወደ ማኅበሩ የሥራ ክፍል እንዳይገባ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ምድጃው ያለው እዚያ ነበር። ሳምንት አይቆይም፣ ይመለሳል ብዬ ነበር። እንዳልለምነው ኩራቴ ያዘኝ፤ እንዳይለምነኝ ኩራቱ ያዘው። በክፍሉ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲጽፍ ከረመ። ሐኪሙ ሳንባው ቀድሞም የታመመ ነበር ብሏል። ይህን የምጽፈው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ወይም ይሆናል፤ አላውቅም። ከእርሱ በፊት እንዲያ የወደድኩት ተማሪ አልነበረኝም፤ ከእርሱም ወዲህ የለኝም።

ነገር ግን እርስዎም ያልነገሩኝ አለ። ትራሱ ሥር የነበረች አንዲት ደብዳቤ አከራዩዋ ለእኔ ሰጥታኛለች። ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ዛሬ ዐውቄአለሁ። «ልጄ፣ ለመምህርህ ታዘዝ። ቃሉ ከየትም ቢመጣ ምን ቸገረህ? አንድ ቃል ነው። ያለህን ጻፍለትና ወደ ምድጃው ተመለስ» ይላል። ታዲያ እኔ ከጠየቅሁት የተለየ ምን አለው? ያን ጊዜ እናቱ ያሉትን እኔ ዛሬ ስለው ለምን ጠላት እሆናለሁ? ምን ተለወጠ?

አንድ የመጨረሻ ሐሳብ ላቅርብ። ጥቅሉን ይላኩልኝ። ወረቀቶቹን ሁሉ አንድ ሳላስቀር በስሙ አትማለሁ። የመጨረሻውን ወረቀት ብቻ እተወዋለሁ። የእኔንም ሐሳብ አልጨምርበትም፤ የማስታወቂያውን ርዕስ እሰርዛለሁ። እንዲህ ከሆነ ስሙ ይቀመጣል፣ ውሸትም አይኖርበትም። ፍራኔ የጥቅሉ ባለቤት ማን እንደሆነ ለጊዮርጊስ በመንደሩ ጉባኤ ይወሰናል ብሎ ጽፎልኛል። ከጉባኤው በፊት በፈቃድዎ ቢልኩት እመርጣለሁ።

ቫትሮስላቭ


ዶላጽ
ከቅዱስ ጊዮርጊስ በኋላ ባለው ሳምንት፣ 1896

ለፕሮፌሰር ቫትሮስላቭ፤

ጽሕፈቴ ከወትሮው ቢከፋ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቀኝ ትከሻዬ አብጧል። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

ደብዳቤዋ የእኔ ናት። አምና የካቲት ሁለት ቀን ጻፍኳት። ከሞቀው ክፍል እንዳስወጡት ነግሮኝ ነበር፤ ስለዚህ ስለ እሳቱ ስጠይቅዎ መልሱን ሳላውቅ አልነበረም። እርስዎ ይሉት እንደሆነ ለማየት ነው። ብለውታል። ስላሉት አመሰግናለሁ። ይቅር ግን ገና አላልኩም፤ ስል እጽፍልዎታለሁ።

ምን ተለወጠ ብለዋል። ሞተ። የተለወጠው ይኸው ነው። በሕይወቱ ሳለ ቃሉን ቢለውጥ ኖሮ ምድጃ ያገኝ ነበር። እናቱ ነኝ፤ እንዲሞቀው ፈለግኩ፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም። ዛሬ ቢለውጠው ምን ያገኝበታል? የሚያገኙበት እርስዎና የእኔ ዘመዶች ናችሁ።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ የየካቲቱን ወረቀት ራስጌ ደግሜ አየሁ። የካቲት 11 ይላል። ከዚህ ዛግሬብ ደብዳቤ በስምንት ቀን ይደርሳል። የእኔን ባገኘ በማግሥቱ ነው የነሐሴውን ወረቀት አውጥቶ አንድ ቃል ሳይነካ እንደገና በጥሩ ጽሕፈት የገለበጠው። መልስ ሳይጽፍልኝ ሞተ ብዬ ዓመት ሙሉ ተቃጥያለሁ። መልሱ እጄ ውስጥ ነበር።

የመጨረሻውን ወረቀት ብቻ ልተወው ላሉት። ይተዉት። ግን በቦታው አንድ መስመር ያትሙልኝ፦ «ሟቹ እዚህ ላይ የተናገረውን ለማተም ፈርተናል።» ይህን ካተሙ ጥቅሉን እልካለሁ። እንደማያትሙት አውቃለሁ።

ጊዮርጊስ ዕለት የሆነውን ደግሞ ከፍራኔ በፊት ከእኔ ይስሙ። ፈረንሳዮች በአያቴ ዘመን ሹመቱን ከሻሩት ወዲህ መንግሥት የሚያውቀው የመንደር ሽማግሌ የሚባለውን ብቻ ነው። እኛ ግን በየዓመቱ ጊዮርጊስ ዕለት ኮረብታው ላይ ወጥተን ክኔዛችንን እንመርጣለን። የሕግ መጽሐፉ ያለበት ሣጥን መሐል ላይ ይቀመጣል። ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ አልስማማ ሲል፣ ደፋር የሆነ ሰው ሣጥኑን አንሥቶ ይሮጣል። የቀረው ሰው እየተከተለ በድንጋይ ሊመታው መብት አለው። ተሸካሚው ከመረጠው ቤት ደጃፍ በሕይወቱ ከደረሰ የዚያ ቤት ቃል ለአንድ ዓመት ይጸናል። በድሮ ጊዜ ሰው ይሞትበት ነበር። ዛሬ ጎረምሶች የጭቃ ጓል እየተወራወሩ የሚስቁበት ሆኗል።

ፍራኔን ያለ ክርክር መረጡት። ከዚያ የጥቅሉ ነገር ተነሣ። እኩሌታው ወረቀቱ የሕዝብ ነው፣ ይላክ አለ። ከእኔ ጋር የቆሙት አሮጊቶችና የባሪሻ አብሮ አደጎች ነበሩ። እንዴት ከእኔ ጋር እንደቆሙ እኔም ገርሞኛል። እስከ ቀትር ተጯጯሁ። አንዱ የማቴን ሚስት ገፋት፣ እሷም በጥፊ አለችው።

ሄጄ ሣጥኑን አነሣሁት። አምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሣጥኑ የዓመት ጠቦት ያህል ይከብዳል። ሴት አንሥታው አታውቅም፤ ሴት አታንሣው የሚል ግን በሕጉ መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ አንብቤዋለሁ። ቁልቁለቱን ጀመርኩ። ሃያ እርምጃ ያህል ስሄድ ከኋላዬ ምንም ድምፅ የለም። ዞር ብዬ አየሁ። ሁሉም ቆመው ያዩኛል።

«ወርውሩ እንጂ» አልኳቸው። «ካልወረወራችሁ አይቆጠርልኝም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሣጥኑን አስቀምጪ» አለ ፍራኔ።

«ፈራህ?»

«የወንድሜን ሚስት በድንጋይ ልምታ?»

«አሁን የወንድምህ ሚስት አይደለሁም። ሣጥን የያዘ ሰው ነኝ።»

የመጀመሪያውን ድንጋይ የወረወረው እሱ ነው። ጭቃ አልነበረም። ትከሻዬን አገኘኝ። እውነቴን ነው፣ አዝኖልኝ ቢተወኝ ኖሮ በዕድሜዬ ሁሉ አላናግረውም ነበር። ከዚያ ሌሎቹም ወረወሩ። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ስወድቅ ሣጥኑን ታቅፌው ነው የምወድቀው፤ ጉልበቴ ተልጧል። ማንም እጁን አልሰጠኝም፤ መስጠትም ክልክል ነው። ደጃፌ ስደርስ ሣጥኑን አስቀምጬ ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት።

ፍራኔ እያለከለከ ደረሰ። ሌላው ሕዝብ ከኋላው ተደረደረ። ቆቡን አወለቀ፣ ሣጥኑን አየ፣ እኔን አየ።

«እንግዲህ» አለ፣ «እስከሚመጣው ጊዮርጊስ ድረስ ጀርመኖች ነን።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ የሳቁት ግን በእኔ ላይ አልነበረም። ትከሻዬን በአረቄ ያጠበልኝም ፍራኔ ነው። ሲያጥበኝ ስለ ባሪሻ አለቀሰ። ካለቀሰ ዓመት አልፎት ነበር፤ የእብነ በረዱ ነገር አስረስቶት ኖሯል።

ጥቅሉ አይላክም። ይህ የእኔ ቃል ብቻ አይደለም፤ የመንደሩ ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያቺን ደብዳቤዬን መልሱልኝ። ላጠፋት አይደለም።

ፔርካ


ዶላጽ
የወይን ለቀማ ማብቂያ፣ 1896

ለፕሮፌሰር ቫትሮስላቭ፤

የማኅበሩ መጽሐፍ ደርሶኛል። ደብዳቤዬም በውስጡ ተጣጥፋ ደርሳኛለች። አክብረው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ብፈልግ የባሪሻ ስም የለም። እርስዎም «አሁን ረኩ? ስሙ የትም የለም» ብለው ጽፈዋል። በቁጣ የጻፉት አይመስለኝም። ያዘኑ ይመስላል። ስለዚህ በቁጣ አልመልስልዎትም።

አልረካሁም። ስሙን ታትሞ ባየው ደስ ይለኝ ነበር። ወርቅ በመሰለ ቀለም እንደሚሆን ነግረውኝ ስለነበር ሌሊት ሌሊት በዓይኔ ይመጣብኝ ነበር። የለም ማለት ግን ልክ አይደሉም።

ከሰኔው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ጀምሬ ጥቅሉን እየገለበጥኩ ነው። እያንዳንዱን ወረቀት፣ እሱ እንዳስቀመጠው፣ በተራው። እርስዎ የሚያትሙት በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት መቶ ይሆናል። የእኔ አንዱ ሁለት ወር ፈጀ። የመጀመሪያውን ፍራኔ ራሱ ሣጥኑ ውስጥ ከሕግ መጽሐፉ ጎን አስቀመጠው። ሲያስቀምጠው አጉረመረመ፤ ለሚመጣው ጊዮርጊስ ካልመረጡኝ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ አለኝ። እኔም እንደ አሮጌ ካልሲ አልኩት። ሁለተኛው የቀጣዩ መንደር ቄስ ጋ ሄዷል። ላነበው ብለው ወስደውት እስካሁን አልመለሱም፤ መልሱ አላልኳቸውም። አገራችን ፖሊጻ አሥራ ሁለት መንደር ነው። ከተረፈኝ ዕድሜ አንጻር ሳስበው ይበቃኛል ብዬ ገምቻለሁ። ዓይኔ ግን ደክሟል፤ መነጽር ከስፕሊት ከተማ አስመጣለሁ።

ያቺን ደብዳቤዬን ለምን እንደፈለግኳት ጠይቀዋል። እሷንም እገለብጣታለሁ። «ለመምህርህ ታዘዝ፣ አንድ ቃል ነው» ያልኩትን ሳልቀንስ፣ ስሜን ከሥሯ ጽፌ፣ ቀኗን ጽፌ፣ ከመጨረሻው ወረቀት በፊት አስገባታለሁ። ቄሱ ራስሽን ለምን ታዋርጃለሽ አሉኝ። የሚያነበው ሰው እናቱ እንኳ እንደለመነችው ይወቅ ብዬ ነው። ከእርስዎ ጋር መከራከር ቀላል ነበር። እርስዎ መምህሩ እንጂ እናቱ አይደሉም።

ከዚያ የየካቲት 11ዱ ወረቀት ይመጣል። መጀመሪያ ስገለብጠው ብዕሩን አስቀምጬ ወጣሁ፣ ዶሮዎቹን አበላሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እንዲህ ይላል፦

«ክኔዝ የሚለውን ቃል አባቶቻችን በጥንት ዘመን ከጀርመን ነገዶች ተዋሱት። የአዋሾቹ ንጉሥ ስም ነበር። ሹመቱን ግን ማንም አላዋሰንም። እኛው በየዓመቱ እንሰጣለን፣ እኛው በየዓመቱ መልሰን እንወስዳለን።»

ይህን እንዲተወው አንድ ጊዜ ለምኜዋለሁ። አሁን አሥራ ሁለት ጊዜ እጽፈዋለሁ።

የባሪሻ እናት፣ ፔርካ